አሥራ አራት መስመር

ጥፋቱን የሠራሁት ቅዳሜ ከምሳ በኋላ፣ በአሥራ አራት መስመር ኮድ ነው። ሰው ቤት ለማፍረስ ዶማ ያስፈልገዋል፣ መዶሻ ያስፈልገዋል፣ ጉልበት ያስፈልገዋል። ለእኔ አንድ አሮጌ ላፕቶፕ፣ አንድ ፍላሽና የራሴ ብልጠት በቂ ነበሩ።

በመጀመሪያ ማን እንደሆንኩ ልናገር። ማተሚያ ቤት ውስጥ የወረቀት መቁረጫ ማሽን ላይ መሥራት ከጀመርኩ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። መጽሐፍ ተጠርዞ ሲመጣ ሦስት ጎኑ የተንጨባረረ ነው። እኔ ደልድዬ ከቢላው ሥር አስገባዋለሁ፣ ፔዳሉን እረግጣለሁ፣ ቢላው ይወርዳል፣ ጠርዙ ልስልስ ብሎ ይወጣል። ግማሽ ሚሊ ሜትር የተዛነፈ ነገር ካየሁ ምሳ አይበላልኝም። ባልደረቦቼ «ማስመሪያ» ይሉኛል። ሰው ቤት ስገባ ግድግዳ ላይ ያዘነበለ ፎቶ ካለ ሳላቃና ሰላም አልልም። ይሄን የምነግራችሁ ልኮራ ፈልጌ አይደለም፤ ጥፋቱ የመጣው ከዚሁ ስለሆነ ነው።

አባዬ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሆቴል ውስጥ ኪቦርድ ሲጫወት የኖረ ሰው ነው። የሚበላ ሰው ሙዚቃ አይሰማም፤ እሱ ግን ለማንኪያውም ለሹካውም ሳይሰለች ተጫወተ። ቀኝ እጁ ዜማውን ይዞ ይቀድማል፤ ግራ እጁ ትንሽ ዘግይታ፣ የረሳችው ዕቃ ኖሮ ተመልሳ እንደመጣች ሁሉ፣ ከኋላ ትደርሳለች። አብረውት የሚሠሩት ሙዚቀኞች በዚሁ የተነሳ «መጣሁ» የሚል ስም አወጡለት። «መጣሁ፣ ግራህ ዛሬም ቁርስ ላይ ናት እንዴ?» ይሉት ነበር። ይስቃል እንጂ አያስተካክልም።

ከሦስት ዓመት በፊት ስትሮክ መታው። ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ አለው፣ ንግግሩም አብሮ ሄደ። አሁን በቀን አሥር ቃል ቢያወጣ ነው፤ እሷንም በስንት ትግል። ግራ እጁ ደህና ናት። በእሷ ብቻ እንዲጫወት ስንለምነው ግን ፊቱን ያዞርና «ግማሽ» ይላል። ግማሽ ሰው አይጫወትም ማለቱ ነው።

አንድ የቀረልን ነገር ነበር። ከመታመሙ ብዙ ዓመት በፊት ከእማዬ ጋር ተኳርፈው ሁለት ሳምንት ሳይነጋገሩ ከርመው ነበር። በመጨረሻ አንድ ዜማ ሠርቶ ኪቦርዱ ላይ ቀዳላትና ታረቁ። ሦስት ደቂቃ ከአሥራ አምስት ሰከንድ ይሆናል። ግጥም የለውም፣ ስምም የለውም። ፍላሽ ላይ ተቀምጦ፣ ፍላሹ ኪቦርዱ ጀርባ ላይ ተሰክቶ ኖረ። አባዬ ከታመመ ወዲህ እማዬ በየቀኑ ከቀኑ አሥር ሰዓት ሲሆን የደረቀውን ልብስ በቅርጫት ይዛ ሳሎን ትገባለች፣ ዜማውን ትከፍታለች፣ ልብስ እያጠፈች ትሰማለች። አባዬም ወንበሩ ላይ ሆኖ ይሰማል። «ቀኑን ሙሉ ብቻዬን ነው የምለፈልፈው» አለችኝ አንድ ጊዜ። «አሥር ሰዓት ላይ ግን እሱ ያወራኛል።»

ሌላ ቅጂ አልነበረም። ለምን እንዳልነበረ አትጠይቁኝ። ነገ አደርገዋለሁ እያለ ዓመት የሚያሳልፍ እኔ ብቻ አይደለሁም።

«ሙዚቃ በኮድ» የሚለውን የትምህርት ማስታወቂያ ያየሁት ራሴ ስቆርጠው ነው። አምስት ሺህ በራሪ ወረቀት ታትሞ መጣና እላዩ ላይ «ኖታ ማወቅ አያስፈልግም፤ ኮምፒውተር ማወቅም አያስፈልግም» የሚል አነበብኩ። ሁለቱንም ስለማላውቅ ለእኔ የተጻፈ መሰለኝ። አባዬ በጣቱ እያመለከተ ይነግረኛል፣ እኔ እጽፋለሁ፣ ኮምፒውተሩ ይጫወታል ብዬ አሰብኩ። በአጭሩ፣ ያልታዘዘውን እጅ በእኔ ልተካ ነበር።

ክፍሉ ውስጥ አሥር ወጣቶችና እኔ ነበርን። መምህሩ ራሱ ሃያ አምስት ዓመት ቢሞላው ነው። በመጀመሪያው ቀን «እርስዎ ይሞክሩ» ሲለኝ ደሜ ፈላ።

«አንቺ በለኝ፤ ገና አላረጀሁም።»

«እሺ፣ አንቺ ይሞክሩ» አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ።

ኮምፒውተር ከአንድ ሳይሆን ከዜሮ እንደሚቆጥር የተማርነው ያን ቀን ነው። አሥር ኖታ ካለ የመጀመሪያው ዜሮ፣ የመጨረሻው ዘጠኝ ይባላል። እኔ ወረቀት ስቆጥር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ አንድ ወረቀት አንድ ነው። ይሄ ነገር ጭራሽ አልዋጥልኝ አለ። በየሳምንቱ ወይ አንድ ኖታ ይጎድለኛል ወይ ማሽኑ በቀይ ጽሑፍ ይሰድበኛል። መምህሩ ደብተሬን ባየ ቁጥር «ዜሮዋን ረሷት» ይለኝ ነበር።

በአምስተኛው ሳምንት ኪቦርድ የሚቀዳውን ፋይል ከፍቶ አሳየን። ውስጡ ድምፅ የለም። ቁጥር ብቻ ነው፤ የትኛው ቁልፍ እንደተመታ፣ መቼ እንደተመታ፣ በምን ያህል ጉልበት እንደተመታ። ኪቦርዱ ያንን አንብቦ ድምፅ ያወጣል። ከዚያ «መቼ» የሚለውን ቁጥር እያነሳ ወደ ቅርቡ ምት የሚያስጠጋ ኮድ ጻፈልን። ስክሪኑ ላይ ኖታዎቹ ትንንሽ አራት ማዕዘን ሆነው እዚህም እዚያም ተንጠባጥበው ነበር። ኮዱን ሲያስነሳው ግጥም ብለው መስመር ያዙ።

እኔ ቢላዬን አየኋት። ኮምፒውተር ውስጥም አለች ለካ!

«አደራ» አለ መምህሩ፣ «ከመጀመራችሁ በፊት የዋናውን ቅጂ አስቀምጡ።» ሰማሁት። አልዋሽም፣ በደንብ ሰማሁት። ግን በእኛ ሙያ የምንቆርጠው ራሱን መጽሐፉን ነው። ከሱ የወደቀው ቁርጥራጭ ጆንያ ውስጥ ይገባል፣ ማታ ይወሰዳል። የተቆረጠ ጠርዝ የሚያስቀምጥ ቆራጭ በሕይወቴ አይቼ አላውቅም።

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ፍላሹን ከኪቦርዱ ነቅዬ ላፕቶፑ ላይ ሰካሁ። የአባዬ ዜማ ሦስት መቶ አሥራ ስምንት ኖታ ነበረው። ስክሪኑ ላይ ሳየው አዘንኩለት። አንዱም በትክክል መስመሩ ላይ አላረፈም። በተለይ የግራ እጁ ኖታዎች ሁሉም ወደ ኋላ ቀርተዋል። «ምስኪን አባዬ፣ ይሄን ሁሉ ዓመት አንድ ሰው እንኳ ሳያቃናለት» አልኩ። ይሄን ማለቴን ሳስታውስ እስካሁን ፊቴ ይግላል።

አሥራ አራት መስመር ጻፍኩ። የመጨረሻው መስመር ፋይሉን በዚያው ቦታ፣ በዚያው ስም አስቀምጥ ይላል። ቁልፉን ተጫንኩ። አንድ ሰከንድ አልፈጀም። ሦስት መቶ አሥራ ስምንቱም ተሰለፉ፤ ዓይኔ ጠገበ። ፍላሹን ወደ ቦታው መልሼ አሥር ሰዓት እስኪሆን ውጤቱን እንደሚጠብቅ ተማሪ ሳሎን ቁጭ አልኩ።

እማዬ ቅርጫቷን ይዛ ገባች። ዜማውን ከፈተች፣ የአባዬን ነጭ ሸሚዝ አነሳች፣ አንዱን እጅጌ አጠፈችና እጇ ቆመ። ዜማው ያው ነው፤ የጎደለ የለም። ቀኝና ግራ እጅ ግን ቀጥ ብለው፣ እኩል፣ ሳይተያዩ ይሄዳሉ።

«ማነው የሚጫወተው?» አለች።

«አባዬ ነዋ።»

«የቱ አባትሽ?»

«አስተካክዬለት ነው እማዬ። ኖታዎቹ ተዛንፈው ነበር።»

አባዬን አየሁት። ግራ እጁን ቀስ አድርጎ አነሳና ግራ ጆሮውን ደፈነ። የቀኙን የሚደፍንበት እጅ የለውም።

«መልሺው» አለች እማዬ። አልተቆጣችም። ወንበር ከቦታው አንስቼ መልሺው እንደምትለኝ ነው የተናገረችው። «እሺ» አልኩ፤ እንደማይመለስ የገባኝም «እሺ» እያልኩ ነው።

ሰኞ ከሥራ ስወጣ መምህሩ ጋ ሮጥኩ። ፍላሹን ወስዶ ሁለት ሰዓት ሙሉ ያለውን ፕሮግራም ሁሉ ሞከረ። አዲሱ ፋይል በአሮጌው ላይ ነው የተጻፈው፤ ከሥሩ የተረፈ ነገር የለም።

«ቅጂ አላስቀመጡም?» አለኝ።

«አንቺ በለኝ አላልኩህም?» ብዬ ጮህኩበት፣ ከዚያ እዚያው ጠረጴዛው ላይ ድፍት ብዬ አለቀስኩ። ልጁ ግራ ገብቶት ውሃ አመጣልኝ።

ሰው ሲፈራ ይዋሻል፤ እኔም ዋሸሁ። «እየመለስኩት ነው» አልኳት እማዬን። ከዚያ ሌላ ኮድ ጻፍኩ። የግራ እጁን ኖታዎች አንድ በአንድ የሚያዘገይ፣ ምን ያህል እንደሚያዘገይ ደግሞ ኮምፒውተሩ ዕጣ እያወጣ የሚወስን። ስክሪኑ ላይ ሳየው የድሮውን መሰለኝ። እማዬ ወጣ ባለችበት ለአባዬ ከፈትኩለት። እስከ ግማሽ ድረስ ዓይኑን ጨፍኖ ሰማ።

«ሰ… ካራም» አለ።

«ምን አልክ አባዬ?»

«እኔ… አልጠጣም።»

በሦስት ዓመት ውስጥ ከእሱ የሰማሁት ረጅሙ ንግግር ይሄ ነው። እውነቱን ነበር። አባዬ ዝም ብሎ አይዘገይም። አንዱን ኖታ የሚያዘገየው ሊናፍቅ ፈልጎ ነው፣ ሌላውን ሊያሾፍ፣ ሌላውን ይቅርታ ሊጠይቅ። ዕጣ ይሄን ከየት ያውቃል?

ያን ዕለት ሁለቱም ባሉበት ተናዘዝኩ። እማዬ እስክጨርስ አላቋረጠችኝም።

«ትንሽ ልጅ ሆነሽ ፀጉርሽን ስሠራሽ መሃሉ ካልተቃና ብለሽ ታለቅሺ ነበር» አለች። «ስንቴ አፍርሼ ሠርቼልሻለሁ። ያኔ ነበር ልቆጣሽ የሚገባኝ።»

«እማዬ…»

«የአባትሽን ድምፅ ነው የቆረጥሽው።»

ከዚያ ፍላሹን ነቅላ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። ከማግስቱ ጀምሮ አሥር ሰዓት ሲሆን ልብሱን መኝታ ቤት ገብታ በሩን ዘግታ ታጥፍ ጀመር። ሳሎን ውስጥ አባዬ ብቻውን ይቀራል፣ ከማቀዝቀዣው ጉርምርምታ በቀር የሚሰማ የለም። እማዬ ታናግረኛለች፤ ብዪ ብዪም ትለኛለች፣ ዝናብ እንዳያገኝሽም ትለኛለች። ግን ዓይኔን አታይም። ሥራ ላይም አልቀናኝ አለ። አንድ ቀን ሁለት መቶ መጽሐፍ ከነገጽ ቁጥሩ ቆርጬ ጣልኩ። አለቃዬ «ማስመሪያ፣ አንቺም ትዛነፊያለሽ?» አለኝ።

ወር ሊሞላው አካባቢ ማተሚያ ቤቱ መብራት ጠፋበትና በጊዜ ወደ ቤት ገባሁ። አሥር ሰዓት ሆኗል። የመኝታ ቤቱ በር ተዘግቷል። አባዬ ወንበሩ ላይ ነው፣ የግራ እጁ ሌባ ጣት የወንበሩን መደገፊያ ትመታለች። መጀመሪያ እጁ የተንቀጠቀጠ መስሎኝ ደነገጥኩ። ጫማዬን ሳላወልቅ ቆሜ ሰማሁ። ጠብ፣ ጠብ ጠብ… ጠብ። ዜማው ነበር! የቀኙንም የግራውንም ድርሻ በአንድ ጣት እየመታ ነው፤ መዘግየቱ ሳይቀር፣ አንድም ሳይቀር።

እዚያው በሩ ላይ ቁጭ አልኩ። እኔ ፋይሉ ውስጥ የገደልኩት ነገር ወንበሩ ላይ በየቀኑ ሲመታ ነበር፤ የሰማው ሰው ግን የለም።

የእኔ ቢላ የነካችው «መቼ» የሚለውን ብቻ ነው። የትኛው ቁልፍ ከየትኛው ቀጥሎ እንደተመታ ፋይሉ ውስጥ እንዳለ አለ። የትኛው የሚለው እኔ ጋ፣ መቼ የሚለው ደግሞ እሱ ጣት ላይ። ስለዚህ አዲስ ኮድ ጻፍኩ፤ የላፕቶፑ ረጅሙ ቁልፍ በተመታ ቁጥር ቀጣዩ ኖታ ይሰማል፣ የተመታበትም ጊዜ ይመዘገባል። ሌላ ምንም አይሠራም፣ ምንም አያቃናም። ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ሲያልቅ ዘጠኝ መስመር ነበር።

ላፕቶፑን አባዬ ጭን ላይ አደረግሁና አንዴ መትቼ አሳየሁት። የመጀመሪያው ኖታ ተሰማ። ፊቱን አዞረ።

«ግማሽ» አለ።

ለመንኩት። እግሩ ሥር ተንበርክኬ ለመንኩት። እሱ መስኮቱን ያያል። የመኝታ ቤቱ በር ተከፈተና እማዬ ቅርጫቷን ታቅፋ ወጣች። ሁሉንም ሰምታለች። ፊት ለፊቱ ቆመች።

«ያን ጊዜ ያኮረፍከው ሁለት ሳምንት ነው» አለችው። «እኔ ይኸው ሁለት ወር ሆነኝ። ማነው የሚያስታርቀኝ?»

አባዬ ከመስኮቱ ዞሮ ግራ እጁን አነሳ።

መጀመሪያ ሁለቴ ተከታትሎ መታና ኖታው ተደናቀፈ። ከአዲስ ጀመርን። ሁለተኛው ላይ እጁ ደከመችበት። በሦስተኛው ሄደ። ከድሮው በጣም ቀርፋፋ ነው። አንዳንዱ ቦታ ጣቱ የሚወድቅበትን እያሰበ እንደሚፈልግ ያስታውቃል፤ አንዳንዱ ቦታ ግን ያችው የድሮዋ ግራ፣ የረሳችውን ዕቃ ይዛ ከች ትላለች። እማዬ ተቀምጣ ሸሚዝ ታጥፋለች። መሃል ላይ ጣቱ አየር ላይ ቀረች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት… እስከ ሰባት ቆጠርኩ። ሁለተኛ ስትሮክ ነው ብዬ ከመቀመጫዬ ተነሳሁ። እማዬ ቀና እንኳ አላለችም። በስምንተኛው ጣቱ ወረደችና ዜማው ቀጠለ።

መጨረሻው ደረሰ። አባዬ ጣቱን ከፍ አድርጎ ቁልፉን መታ።

ዝም።

ደግሞ መታ። ዝም። ወደ እኔ ዞረ። ያኔ ገባኝ። ዜሮዋ! መቁጠሩን አንድ ቀድሜ አቁሜዋለሁ፤ የመጨረሻውን ኖታ ጎምጄዋለሁ። በዚያች ሰዓት ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

«ቆይ አባዬ፣ አንድ ቁጥር ብቻ ናት፣ አሁን አስተካክላት—»

እማዬ እጄን ያዘች፤ አጥብቃ፣ እስኪያመኝ። ዓይኗን ከሸሚዙ ላይ አልነቀለችም። ዘፍና የማታውቅ፣ ሰው ፊት ማንጎራጎር የምታፍር ሴት፣ አፏን ሳትከፍት ያንን የመጨረሻ ኖታ አሰማች። ትንሽ ዘግይታ።

አባዬ ሳቀ። ግማሹ ፊቱ ሳቀ፣ ሌላው ግማሽ እንዳለ ነው። እንባው ግን በሁለቱም በኩል ወረደ።

ፋይሉን በሌላ ስም አስቀመጥኩ። ሦስት ቦታ ቀዳሁት፤ አንዱን መምህሩ ጋ። ሌላ ቀን እንደገና እንሞክር ስለው አባዬ «በቃ» አለ፤ ላፕቶፑንም ሁለተኛ አልነካውም።

እማዬ በማግስቱ ወጥ ቤት ውስጥ ሳህን እያጠበች፣ ጀርባዋን እንደሰጠችኝ አናገረችኝ። «ያኛው ጤነኛው ነበር። ይሄኛው የታመመው ነው። እሱ ግን እሱ ነው» አለች። ትንሽ ቆይታ «ያኛውን ግን አልረሳሁልሽም» አለች። እኔም አልረሳሁትም አልኳት። ሳህኑን አቀበለችኝ፤ አደረቅሁት።

አሁን አሥር ሰዓት ሲሆን ልብሱ ሳሎን ውስጥ ይታጠፋል። ዜማው ቀስ እያለ ይሄዳል፣ መሃሉ ላይ እስከ ሰባት ድረስ ዝም ይላል፣ ይቀጥላል፣ መጨረሻው ላይ ሳይጨርስ ይቆማል። እማዬ ትጨርሰዋለች። የጎደለውን ማቃናት አውቅበታለሁ፤ የአንድ ቁጥር ጉዳይ ነው። አልነካሁትም።